ልጆቻችን የሚያነቡት ‹‹የጠንቋይ መጽሐፍ›› እና የእኛ ድርሻ



ከጥቂት ወራት በፊት አንድ አባት ወደ ቢሯችን መጡ። ዕድሜያቸው ከ70 ያልፋል። እጃቸው ላይ በሱፐር ሳኪት የተጠቀለለ ነገር አለ። ሻይ ብንሰጣቸው አልነኩትም። ሳኪቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ ‹‹ይኸን ከቤቴ አውጥቸዋለሁ። ልጥለው ብል ፈራሁ፣ ላቃጥለው ብልም ፈራሁ። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ የሚሆነውን አድርጉት›› አሉን።

ከፈትነው። መጽሐፍ ነው። የሃሪ ፖተር ሦስተኛው መጽሐፍ፣ በዕብራይስጥ፣ የትምህርት ቤቱ ሲፍሪያ ማኅተም ያለበት። ነገሩ እንዲህ ነው። የ10 ዓመት የልጅ ልጃቸው፣ እናቱ የሌሊት ሥራ ስለምትሠራ፣ ከእሳቸው ዘንድ ያድራል። አንድ ሌሊት ተነሥተው ቢያዩ ልጁ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ በስልክ መብራት ያነባል። ‹‹ስለ ምንድን ነው?›› ቢሉት ‹‹ስለ አንድ ኮሴም›› አላቸው። እኚህ አባት ዕብራይስጥ ብዙም አይሆንላቸውም። ይህችን ቃል ግን ያውቋታል። ሾፍቲም የሚባለው ፓራሻ ሲነበብ በምኩራብ ሰምተዋታል፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ከሟርተኛውና ሙታን ከሚጠራው ጋር አብራ የተቆጠረች ናት። እንግዲህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ፣ ያውም በሌሊት፣ ያውም በልጅ እጅ! ቢደነግጡ ይፈረድባቸዋል?

እኛም አልፈረድንም። ተመሳሳይ ጥያቄ ከብዙ እናቶችና አባቶች ሰምተናል፤ አንዳንዱን በስልክ፣ አንዳንዱን በሰርግ ቤት፣ አንዳንዱን በስግድ ቀን ኢየሩሳሌም ላይ። ስለዚህ የመሰለንን በግልጥ ልንጽፍላችሁ ወደድን። የእኚያን አባት ነገር ስማቸውን ሳንጠራ እንድናነሣው ፈቅደውልናል፤ መጨረሻውን ከታች እንነግራችኋለን።

ለመሆኑ መጽሐፉ ምንድን ነው? ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የምትባል እንግሊዛዊት የጻፈችው የልጆች ልብ ወለድ ነው። ሰባት መጻሕፍት ናቸው። የመጀመሪያው በ1997 እንግሊዝ አገር ታተመ፣ ሰባተኛው በ2007 ወጣ። ደራሲዋ የመጀመሪያውን ስትጽፍ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ በመንግሥት ድጎማ የምትኖር እናት ነበረች፤ አሳታሚዎችም በየተራ መልሰውባታል። ዛሬ መጽሐፉ ከ80 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ከ500 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ወደ ዕብራይስጥ የመለሰችው ጊሊ ባር-ሂለል ናት። ስምንት ፊልሞችም ተሠርተውበታል። ስለዚህ የእናንተ ልጅ ብቻውን ያገኘው የተደበቀ ነገር አይደለም፤ የክፍሉ ልጆች ግማሹ ሳያውቁት አይቀሩም።

ታሪኩ ባጭሩ ይኸ ነው። ሃሪ የሚባል ሕፃን እናትና አባቱን ቮልደሞርት የሚባል ክፉ ሰው ይገድልበታል። እናቱ ልጇን ከልላ ነው የሞተችው። ሕፃኑ ከአክስቱ ቤት ይወሰዳል፤ እዚያ ደረጃ ሥር ባለች ቁም ሳጥን ውስጥ እየተኛ፣ የአክስቱን ልጅ አሮጌ ልብስ እየለበሰ ያድጋል። 11 ዓመት ሲሞላው ደብዳቤ ይመጣለታል። ሆግዋርትስ በሚባል ፕኒሚያ እንዲማር ተጠርቷል፤ በባቡር ይሄዳል። እዚያ የሚማሩት ምትሃት ነው። ሮንና ሄርሚዮኒ የሚባሉ ጓደኞች ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያ ገዳይ እየተመለሰ ይመጣል፣ ልጁም 17 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይታገለዋል።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። ኦሪት ጥንቆላን ከልክላለች። ይህን ለማላላት አይደለም የምንጽፈው፤ አቅማችንም አይደለም። ግን ኦሪት የምትከለክለው ሰው አምላኩን ትቶ ነገን ከሟርተኛ እንዳይጠይቅ፣ ሙታንን እንዳይጎትት፣ ጎረቤቱን በድግምት እንዳይጎዳ ነው። በዚህ መጽሐፍ ያሉት ልጆች በትር ይዘው ላቲን የሚመስል ቃል ይናገራሉ፣ ላባ ከጠረጴዛ ብድግ ይላል። ልጃችሁ እርሳስ ይዞ ያንኑ ቃል መቶ ጊዜ ቢለው እርሳሱ እርሳስ ነው። ይህን ልጁ ከእናንተም ከእኛም በላይ ያውቀዋል። ኮሴም ማለትም ለእሱ በልደት ቀን ከኮፍያ ውስጥ ጥንቸል የሚያወጣው ሰውዬ ነው፤ በዛሬው ዕብራይስጥ ያንንም በዚያው ቃል ነው የሚጠሩት።

ደግሞ ታሪኩ በማን ላይ እንደሚፈርድ ተመልከቱ። ክፉው ሰው ክፉ የሆነው ሞትን ፈርቶ ነው። ላለመሞት ሲል ሰው እየገደለ የገዛ ነፍሱን ይከፋፍላል፤ በመጨረሻ ሰው ከመባል ይወጣል። በሰባተኛው መጽሐፍ ውስጥ ሙታንን የሚመልስ ድንጋይ የያዘ ሰው ተረት አለ። ሰውየው የሞተችበትን ወዳጁን ይጠራታል። ትመጣለች፣ ነገር ግን የዚህ ዓለም ስላልሆነች ታዝናለች፤ እሱም ከሐዘኑ ብዛት ይጠፋል። ነገን አያለሁ የምትለው መምህርት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተማሪ መሳቂያ ናት። ሃሪን ከሞት ያተረፈው ግን በትርም ድግምትም አይደለም፤ እናቱ ለእሱ መሞቷ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር እናንተም ብትተርኩት አታፍሩበትም።

እስቲ እናስታውስ። እናንተ ራሳችሁ ጎጆ ውስጥ፣ እሳት ዳር፣ ‹‹ተረት ተረት›› ስትሉን ‹‹የመሠረት›› ብለን ተቀብለን ስንሰማ ያደግን ልጆች ነን። ጅብ ከአህያ ጋር ሲማከር፣ ጦጣ ዳኛ ሆና ስትፈርድ ሰምተናል። ማን ነው ይህን ጥንቆላ ያለው? ሁላችንም ተረት መሆኑን አውቀን፣ ከውስጡ ግን እውነቱን አወጣን።

አሁን የምናነሣው ነገር ትንሽ ያማል። ቢሆንም ማንሣት አለብን።

በጎንደር አባቶቻችን ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ማረሻውን የሠራንለት ገበሬ፣ እንስራውን የሠራንላት ባለቤት፣ ዞር ብለው ምን ይሉን ነበር? ‹‹ቡዳ!›› ይሉን ነበር። እሳት የሚገዛ፣ ጭቃ ወደ ዕቃ የሚለውጥ ሰው ደህና ሰው ሊሆን አይችልም ተባለ። ሌሊት ጅብ ሆነው ይወጣሉ ተባለ። የሰው ልጅ በታመመ ጊዜ ‹‹ቡዳ በላው›› ተብሎ ይታጠናል፣ ሲለፈልፍ የእኛ ሰው ስም ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ወዮለት! ዓይናችሁን ከሰው እህል ላይ እንድታነሡ፣ የሰው ሕፃን አይታችሁ ‹‹ሲያምር›› እንዳትሉ እናቶቻችሁ አስጠንቅቀዋችኋል። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ለምን አነሣነው? ያ ሁሉ ክስ የመጣው ጎረቤቶቻችን የማያውቁትን ጥበብ ስላዩና ‹‹እንዴት ነው የምትሠሩት?›› ብለው ስላልጠየቁን ነው። የማያውቁትን ነገር ጥንቆላ ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ፣ ምን ያህልም እንደሚያቆስል ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ታዲያ እኛ ደግሞ በተራችን፣ የማናነበውን መጽሐፍ ከሽፋኑ አይተን ‹‹ጥንቆላ ነው›› ብንል፣ ልጁንም እንደ ተበላ ሰው ብናየው፣ አይከብድም?

አንድ የሚገርም ነገር እንንገራችሁ። ፖተር የሚለው የቤተሰቡ ስም በእንግሊዝኛ ምን ማለት ይመስላችኋል? ሸክላ ሠሪ ማለት ነው! ደራሲዋ ስለ እኛ አስባ አይደለም፤ እንግሊዝ አገር የታወቀ ስም ነው። ግን ስናውቀው ፈገግ አልን። መላው ዓለም በፍቅር የሚያነበው ጀግና የሸክላ ሠሪ ስም ይዞ ይዞራል፤ የወለቃ እናቶች ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን!

ከዚያም አልፎ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ‹‹ንጹሕ ደም›› ነን የሚሉ ትዕቢተኞች አሉ። ከተራ ቤተሰብ የመጣችውን ሄርሚዮኒን ይሰድቧታል። ስድቡ ‹‹ጭቃ ደም›› ማለት ነው። ከክፍሉ ሁሉ ጎበዟ እሷ ናት፤ ደሟ ግን አይበቃም ይሏታል። ልጆቻችን ይህን ገጽ ሲያነቡ ምን እንደሚሰማቸው እናውቃለን። በ1996 የለገስነው ደም በስውር እንደሚጣል የተሰማ ጊዜ በኢየሩሳሌም ሰልፍ የወጣን እናንተና እኛ ነን። ልጆቹ ያኔ አልተወለዱም። ይህን ታሪክ ከመጽሐፉ ተነሥቶ ሊነግራቸው የሚችል ሰው አለ፤ እሱም ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ‹‹ይህ መጽሐፍ ከቤቴ ይውጣ›› የሚለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ በልጅነታችን ወደዚህ አገር ወደ መጣነው። ግማሻችን በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ ግማሻችን በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው የመጣነው። ብዙዎቻችን ገና ዕብራይስጡ ሳይገባን ወደ ፕኒሚያ ተላክን። እነዚህን መጻሕፍት በልጅነታችን አላነበብናቸውም፤ አልነበሩም። ያነበብናቸው ልጆቻችን ሲያነቧቸው ነው። ስናነብም ሃሪን ሳይሆን ሄርሚዮኒን ነው ራሳችንን ያገኘንባት።

ወላጆቿ የጥርስ ሐኪሞች ናቸው። ደግና የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ነገር ግን የልጃቸውን ዓለም አያውቁትም። ትምህርቷን አይረዱትም፣ የቤት ሥራዋን ማየት አይችሉም፣ አስተማሪዎቿን አያውቋቸውም። ባቡር ድረስ ይሸኟታል፣ ለበዓል ይቀበሏታል። በመካከል ያለውን ሁሉ የሚያውቁት እሷ የነገረቻቸውን ያህል ነው። እሷ ደግሞ እንዳይጨነቁ እያለች በየዓመቱ የምትነግራቸውን ታሳንሳለች። በሰባተኛው መጽሐፍ፣ ጦርነቱ ሲመጣ፣ ሊገድሏቸው የሚፈልጉ እንዳያገኟቸው ብላ በምትሃት ልጅ እንዳለቻቸው እንኳ አስረስታ ወደ አውስትራሊያ ትልካቸዋለች። ይህን የምታደርገው ስለምትወዳቸው ነው።

እዚህ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን አጥፈን ቁጭ አልን። እኛም እኮ እንዲሁ አድርገን ነበር! በትር አልነበረንም እንጂ። በአሴፋት ሆሪም ላይ ሞራዋ ‹‹ልጁ ይረብሻል፣ አይከታተልም›› ስትል፣ ‹‹ጎበዝ ልጅ ነው አለች›› ብለን የተረጎምን ስንቶቻችን ነን? በኩፓት ሆሊም ሐኪሙ ያለውን ከባድ ነገር አለዝበን የነገርናችሁ፣ ከባንክ የመጣውን ደብዳቤ ‹‹ምንም አይደለም›› ብለን ኪሳችን የከተትን ስንቶቻችን ነን? በፕኒሚያ ሲሰድቡን፣ ስማችንን ሲለውጡብን፣ ለሰንበት ቤት መጥተን ‹‹ሁሉ ደህና ነው›› አልናችሁ። እናንተም አመናችሁን፤ ወይም ያመናችሁ መሰላችሁ። እኛ እናንተን ለማዳን ብለን ከሕይወታችን አስወጣናችሁ። ለዚህ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅናችሁም፤ እነሆ አሁን እንጠይቃችኋለን።

እንግዲህ የምንሰጋው ይኸው ነው። በሥራችን የምናያቸው የተጎዱ ልጆች መጽሐፍ ያነበቡ ልጆች አይደሉም። በሚኖሩበት ዓለም ውስጥ ከቤታቸው ማንም ገብቶ የማያያቸው ልጆች ናቸው። ልጁ ያነባል፣ ይጫወታል፣ ይሰደባል፣ ይደሰታል፤ ቤት ሲገባ ‹‹በላህ ወይ?›› ብቻ ይባላል። መብላቱ ጥሩ ነው። ግን አይበቃም።

መጽሐፉን ብትቀሙት ልጁ ማንበቡን አይተወውም፤ ከጓደኛው ያገኘዋል፣ ፊልሙን በስልኩ ያየዋል። የሚተወው ለእናንተ መንገሩን ነው። ያኔ አንድ በር ይዘጋል፤ ነገ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ሲገጥመው በዚያው በር አይመጣም።

ታዲያ ምን እናድርግ ትሉ ይሆናል። የምንመክራችሁ ቀላል ነው፤ ዕብራይስጥ አይጠይቅም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። አስተርኩት! በቀን ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉና ‹‹ያ ልጅ ዛሬ ምን ሆነ?›› በሉት። በአማርኛ ይንገራችሁ። ቃል ሲያጥረው ቃሉን ስጡት። ልጁ አማርኛ ይማራል፣ እናንተ ልጁን ትማራላችሁ። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እዚህ አገር ደግሞ ባለመጠየቅ ልጅ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ዕድሜውን ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት ለ8 እና ለ9 ዓመት ልጅ ይሆናሉ። ከአራተኛው ጀምሮ ግን እየከበደ ይሄዳል፤ በአራተኛው መጨረሻ አንድ ተማሪ ይገደላል፣ በኋላም የሚወደዱ ሰዎች ይሞታሉ። ለእነዚያ ልጁ 11 ወይም 12 ዓመት እስኪሞላው ቢቆይ ይሻላል። ‹‹ቆይ›› ማለት መብታችሁ ነው። ‹‹ቆይ›› እና ‹‹አውጣ›› አንድ አይደሉም።

ሦስተኛ፣ የቤታችሁን ሕግ አትተዉ። ሰባተኛው መጽሐፍ በዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲወጣ፣ በእኛ አገር ሰዓቱ የሰንበት ሌሊት ላይ ወደቀ፤ ጁላይ 21 ቀን 2007 ማለት ነው። መጻሕፍት መሸጫዎች ሊከፍቱ ሲሉ በጊዜው የንግድና የሥራ ሚኒስትር የነበሩት ኤሊ ይሻይ እንደሚያስቀጡ አስጠነቀቁ፤ አገሩ ተከራከረ። መጽሐፉ ግን ሰንበት ከወጣም በኋላ ያው መጽሐፍ ነበር። እናንተም እንዲሁ፣ ‹‹ከሌሊቱ በፊት ይዘጋል፣ የቤት ሥራ ይቀድማል›› ብላችሁ ብትወስኑ ልጁ ያጉረመርማል እንጂ አይጎዳም።

አራተኛ፣ አሁንም ልባችሁ ካላረፈ ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን ልጁ የነገራችሁን ታሪክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሽፋኑን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። በራሱ ፈቃድ ብዙ መቶ ገጽ ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ያለው ቤት የታደለ ቤት ነው። ስንት ወላጅ ልጄ መጽሐፍ ይጠላል ብሎ ደጃችን ይመላለሳል!

ለአያቶችም አንድ ቃል አለን። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ኔቪል የሚባል ፈሪና ዝንጉ ልጅ አለ። የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። ወላጆቹ አልሞቱም፤ ክፉዎች አሠቃይተዋቸው አእምሯቸው ተጎድቶ በሆስፒታል ይኖራሉ፣ ልጃቸውንም አያውቁትም። ኔቪል ይህን ለጓደኞቹ አልነገረም። በአምስተኛው መጽሐፍ ጓደኞቹ በድንገት ሆስፒታል ያገኙታል። አያቱ ሳይነግራቸው መቅረቱን ሲያውቁ ይቆጣሉ፤ በወላጆችህ ልትኮራ እንጂ ልታፍር አይገባህም ይሉታል። በዚያው ሰዓት እናቱ ከአልጋዋ ተነሥታ ትመጣና የማስቲካ ወረቀት በእጁ ታስቀምጥለታለች፤ የምትሰጠው ሌላ ነገር የላትም። አያቱ ጣለው ይሉታል። ልጁ ግን ወረቀቱን ኪሱ ይከተዋል። ይህ ፈሪ የተባለ ልጅ በመጨረሻው መጽሐፍ በዚያ ገዳይ ፊት ቆሞ አልገዛም ይላል።

ልጆቻችን በእኛ በወላጆቻቸው ቋንቋ፣ በእኛ ልብስ፣ በእኛ ዝምታ የሚያፍሩበት ጊዜ አለ። እናውቀዋለን፣ እኛም አፍረናል። ነገር ግን ልጅ ያችን ወረቀት ኪሱ እንደሚከት አንጠራጠር፤ ብቻ እንስጠው።

አሁን ወደ እኚያ አባት። መጽሐፉን መለስንላቸውና ‹‹አባ፣ ሳያስነግሩት አይፍረዱ። ሦስት ማታ ይሞክሩት›› አልናቸው። ደስ አላላቸውም። ሄዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። በመጀመሪያው ማታ ልጁ ‹‹ያንሹፍ›› ደብዳቤ ያመጣል ብሎ ነገራቸው፤ ያንሹፍ ምንድን ነው ቢሉት በእጁ ዓይኑን አፍጥጦ አሳያቸው። ‹‹ጉጉት በለው!›› አሉት። ‹‹በእኛ አገር ጉጉት ጣራ ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል ይባላል፤ በእናንተ ደግሞ ፖስታ ታመላልሳለች?›› ብለው ሳቁ፤ ልጁም ሳቀ።

በሦስተኛው ማታ ልጁ ስለ እስር ቤቱ ጠባቂዎች ነገራቸው። በዚያ በሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ጥቁር የለበሱ፣ ፊት የሌላቸው ጠባቂዎች አሉ። ሲቀርቡ አየሩ ይበርዳል፣ ደስታ ሁሉ ከሰው ይወጣል፣ ሰውየው በሕይወቱ ያየውን እጅግ ክፉ ቀን እንደገና ይሰማዋል። ሃሪ የሚሰማው እናቱ ስትሞት የጮኸችውን ጩኸት ነው። ከዚያ መምህሩ ቸኮላታ ይሰጠዋል፤ ሰውነት የሚመልሰው እሱ ነው። ደራሲዋ እነዚህን ጠባቂዎች ራሷ ከታመመችው የመንፈስ ጭንቀት እንደ ቀዳቻቸው ተናግራለች።

ሽማግሌው ዝም አሉ። ከዚያ ‹‹እነዚያን እኔም አውቃቸዋለሁ›› አሉት።

‹‹ማንን?›› አለ ልጁ።

ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ኡም ራኩባ ነገሩት። በሱዳን ሰፈር ስለ ቀበሯት ታናሽ እህታቸው፣ በመንገድና በዚያ ሰፈር ካለቁት ወደ 4,000 ከሚጠጉ ወገኖቻችን አንዷ ስለሆነችው። 40 ዓመት ሙሉ ለልጆቻቸው እንኳ ያልነገሩትን፣ ሌሊት ሌሊት ለምን ከእንቅልፋቸው እንደሚነሡ ነገሩት።

‹‹ታዲያ ልጁ ምን አለ?›› አልናቸው።

‹‹ምንም አላለ። ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ቸኮላታ ይዞልኝ መጣ።››

አምላከ እስራኤል ልጆቻችንን ያሳድግልን፤ የምንነግራቸውን ቃል፣ የምንሰማቸውንም ጆሮ አያሳጣን። ሰላም ሰንብቱ።